ባለ አራት ማዕዘኑ ልጅ

ከሁሉ አስቀድሜ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በእጅ ተጽፋ ከቤት ወደ ቤት የምትዞረው የዚህች መጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ንባብ ጥቅም አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ከጠየቁኝ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። እኔም እሺ ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀብዬ ነበር። ወረቀቱ አለቀ፤ ስለ ንባብ ግን አንድም መሥመር አልተጻፈበትም። የተጻፈበት ስለ አንዲት የልጅ መጫወቻ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ደሴ ላይ በመምህራን ኮሌጅ ሠልጥኖ ኋላም ራሱ መምህራንን ያሠለጠነ ሰው፣ በሸራ ቤቱ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጫወቻ ሲነካካ አደረ ቢባል የሚያሳፍር ነው። ዳሩ ግን ነገሩ ከጨዋታ አልፎ የአንድ ልጅ ዓመት ስለ ተበላበት ልደብቀው አልቻልሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን እዚህ ጎሮም ክፍልፋይ አስተምር ነበር። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ከላይ ይጋግራል፣ ከሥሩ ሰባ ልጅ ይተነፍሳል። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሁለት እጁን ከጠረጴዛው በታች አድርጓል። ቀስ ብዬ ሄጄ እጁን ስይዘው እንደ ሴቶች የእጅ መስተዋት የሚታጠፍ ዕቃ አገኘሁበት። ነጠቅሁትና «ቅዳሜ እናትህን ይዘህ ና» አልሁት። አላለቀሰም፣ አልለመነም። «ቲቸር፣ ባትሪው እንዳያልቅ ይዝጉት» ብቻ አለኝ።

ይህ ልጅ በቤቱ አኙዋክኛ ይናገራል፤ በገበያ የጁባ ዐረብኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ፣ በክፍል ደግሞ እንግሊዝኛ። እናቱ ከጋምቤላ የመጣች ናት፤ እሱ የተወለደው እዚሁ ደቡብ ሱዳን ነውና ጋምቤላን አይቶ አያውቅም። በእኔ መዝገብ ላይ በስሙ አንጻር በቀይ እስክሪብቶ «ስሌት አይገባውም» ተብሎ ተጽፏል። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ይህን አስታውሱልኝ።

ያን ሌሊት ዝናቡ ሸራውን ሲደበድበው እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መጫወቻይቱን ከፈትኋት። ኒንቴንዶ 3ዲኤስ የምትባል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣች የጃፓን ሥራ ናት፤ የእናቱ ወንድም ከአሜሪካ የላከለት መሆኑን ኋላ ሰማሁ። ለእኔ ቢጤው እንዲህ ያለ ነገር እንግዳ አይደለም። እኛ ልጆች ሳለን በየሰፈሩ «ብሪክ ጌም» የምትባል ግራጫ መጫወቻ ነበረች፤ ጡብ ከላይ እየወረደ እንዲገጥም የሚደረግባት። ያች የጡብ ጨዋታ ከቴትሪስ የተቀዳች ናት፤ ቴትሪስን እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው ነው። ከዚያም የኖኪያ ስልክ ላይ ያለችው እባብ መጣች። ከነዚህ ወዲህ ግን ምንም አልነካሁም ነበር።

በመጫወቻይቱ ውስጥ ያገኘሁት ጨዋታ «ቦክስቦይ» ይባላል። ሃል ላቦራቶሪ የሚባል የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ነው። ስከፍተው የተበላሸ መሰለኝ። ቀለም የለውም፤ ነጭና ጥቁር ብቻ ነው፣ ልክ እንደዚህች መጽሔታችን። መሬቱ መሥመር ነው። በመሥመሩ ላይ ሁለት ዓይንና ሁለት እግር ያለው፣ እጅ የሌለው ባለ አራት ማዕዘን ልጅ ይቆማል። ስሙ ኪዩቢ ነው። መሄድና ትንሽ መዝለል ይችላል። ከዚህ ሌላ የሚያውቀው አንድ ጥበብ ብቻ ነው፤ ከገዛ ገላው ራሱን የሚያህል ሳጥን ያወጣል።

ሳጥኖቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይወጣሉ፤ ወደ ጎን ቢሉት ወደ ጎን፣ ወደ ላይ ቢሉት ወደ ላይ። በአንዱ ስፍራ 3፣ በሌላው 4 ወይም 5 ይፈቀድለታል፤ ራሽኑ ከላይ በቁጥር ተጽፏል። በዚያች ራሽን ገደል ሲያጋጥመው ድልድይ ይሠራል፣ ግድግዳ ሲያጋጥመው ደረጃ ይሠራል፣ የሚያቃጥል ጨረር ሲመጣበት ጋሻ ያበጃል፣ እሾህ ላይ ሲደርስ ሳጥኑን ከሥሩ አድርጎ እንደ ረጅም እግር ይቆምበታል። ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሳጥኑን እንደ መንጠቆ አጣጥፎ ያንጠለጥልና ገላውን ወደዚያ ይሰበስባል። ይህን የመጨረሻውን ለማወቅ አንድ ሌሊት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ታዲያ አንድ ሕግ አለ። አዲስ ሳጥን ማውጣት ሲጀምር የቀድሞዎቹ ይጠፋሉ። የተሻገረበትን ድልድይ እዚያው አቁሞ ሌላ መሥራት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በሁለተኛው ጨዋታ ሁለት ረድፍ በአንድ ጊዜ ማቆም ይቻላል፤ ያ ግን እዚህ ካምፕ አልደረሰም። ከደሴ ለምን እንደ ወጣሁ አልጽፍም፤ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ስለምታውቁ የእኔንም ታውቁታላችሁ። ይህን ሕግ ባየሁ ጊዜ ግን መጫወቻይቱን አጥፌ ጥቂት እንደ ተቀመጥሁ አልክድም።

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። ይህን ጨዋታ ዛሬ ለዚህች መሣሪያ በመረብ አዲስ ልግዛ የሚል ሰው አያገኘውም። ኩባንያው በመረብ ይሸጥበት የነበረውን ሱቅ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2023 ዘግቶታል። እንግዲህ በመረብ የተሸጠው የሚገኘው አስቀድሞ በገባባቸው መሣሪያዎች ውስጥ ብቻ ነው ማለት ነው። ከነዚህ አንዷ ጎሮም ላይ በእኔ ትራስ ሥር ነበረች።

በሦስተኛው ሌሊት መጫወት ትቼ እንደ መምህር ማየት ጀመርሁ። ይህ ጨዋታ ያስተምራል፤ ሲያስተምር ግን አይናገርም። ከቁልፎቹ ምልክት በቀር ማብራሪያ የለውም ማለት ይቻላል። አዲስ ነገር ሲያመጣ መጀመሪያ ብትሳሳት በማትጎዳበት ሜዳ ላይ ያሳይሃል። ቀጥሎ ያንኑ ነገር በገደል አፋፍ ያደርገዋል። ሦስተኛ ጊዜ ካለፈው ሳምንት ትምህርት ጋር ያቀላቅልብሃል፤ ያን ጊዜ አወቅሁ ያልኸውን እንዳላወቅኸው ትረዳለህ። ብትሞት ከጥቂት እርምጃ በፊት ካለው ስፍራ ትነሣለህ። ስድብ የለም፣ ቀይ እስክሪብቶ የለም።

እኛ በኮሌጅ «ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሚታወቅ ወደማይታወቅ» ብለን በቃላችን አጥንተን ለፈተና ጽፈነዋል። እኔም በተራዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለሌሎች አስገልብጫለሁ። የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ ላይ መግቢያው 5 ደቂቃ፣ ማብራሪያው 20 ደቂቃ እያልሁ ስከፋፍል የሚስተካከለኝ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን አንድም ቀን ዝም ብዬ አስተምሬ አላውቅም። መምህር ዝም ካለ ደመወዙን ያልሠራበት ይመስለው ነበር መሰለኝ። አሁን ደመወዝ የለም፤ «ኢንሴንቲቭ» የምትባለውን ታውቋታላችሁ። ለእሷም ቢሆን ስለፈልፍ እውላለሁ።

ዓርብ ማታ አንድ ገደል ላይ ቆምሁ። ስፋቱ 3 ሳጥን ነው። 4 ሳጥን ተፈቅዶልኛል። ኪዩቢን አፋፉ ጫፍ ድረስ ወስጄ 3 ሳጥን ወደ ፊት አወጣሁ። ገደሉ ሦስት፣ ሳጥኑ ሦስት፤ ትክክል ነው አልሁ። ለቀቅሁት፣ ሳጥኖቹ ወደ ገደሉ ወረዱ። ደግሜ አወጣሁ፣ ደግመው ወረዱ። አራተኛውን ጨምሬ ሞከርሁ፤ መጨረሻው ከማዶው ግድግዳ ጋር ተጋጨ። ስዘል ወደቅሁ፣ ደጋግሜ ወደቅሁ። በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባል ነበር፤ አገር ሰጥቶ ይገላገላል። ይህ ጨዋታ አገር አይቀበልም፤ ዝም ብሎ እዚያው አፋፍ ላይ ያቆምሃል። በመጨረሻ ባትሪው አለቀ። ሙሉ ሆኖ ቢያደር ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው የሚቆየው።

ጠዋት እናትና ልጅ ከመምጣታቸው በፊት፣ የነጠቅሁትን ዕቃ ባትሪውን ጨርሼ ላለመመለስ ሮጬ ወደ ሶላር ቤት ሄድሁ። በካርቱም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከመጡት ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን አንዱ ስልክ የሚሞላበትን ቦታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጫወቻይቱን ሲያይ ሣቀና ትንሿን ልጁን ጠራት። ልጅቱ ከእጁ ተቀብላ፣ የዓርቡን ገደል በሁለት እስትንፋስ ተሻግራ መለሰችለት። ለካስ ልጁ በየጊዜው ሊያስሞላ ሲመጣ ያጫውታት ኖሯል። እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እኔ ዐረብኛዬ የገበያ ነው፤ እንዴት አደረግሽው ብዬ ልጠይቃት እንኳ አልቻልሁም። መሻገሯን እንጂ አሻጋገሯን አላየሁም። ደግሞ አሳዪኝ ማለትም አፈርሁ።

እናትየው ስትመጣ እኔ ልቆጣ ስጠብቅ እሷ ቀድማኝ «መምህር፣ ዓይንዎ ደፈረሰ፤ አልተኙም እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልዋሽ? እውነቱን ነገርኋት። ልጁ አንገቱን አቀርቅሮ ሲስቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «በል እንግዲህ፣ የትኛው ላይ ነው የቆሙት ብለህ ጠይቃቸው» አለችው። ያንን ገደል መልሼ ከፍቼ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመና «ቲቸር፣ ወደ ኋላ ይበሉ» አለኝ።

«ወዴት ወደ ኋላ?»

«አንድ እርምጃ። ከጫፉ።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስሁ። «አሁን 4 ያውጡ» አለ። አወጣሁ። አንዱ ሳጥን መሬት ላይ አረፈ፣ ሦስቱ ገደሉን ሸፈኑ። ስለቅቀው አልወረደም። «አንዱ መሬት መርገጥ አለበት» አለኝ። «ገደሉ 3 ከሆነ 4 ነው። 4 ከሆነ 5 ነው። ሁልጊዜ አንድ ይጨመራል።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው ደሜ የቀዘቀዘው። ባለፈው ወር በእንግሊዝኛ በሰጠሁት ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ አጥር በየአንድ ሜትሩ ቋሚ ቢተከልለት ስንት ቋሚ ያስፈልገዋል የሚል። መልሱ 11 ነው፤ በጫፍ ያለው አንዱ ይጨመራል። ይህ ልጅ 10 ብሎ ጽፎ ነበር። እኔም በዚያችና በመሰሎቿ ላይ ተመሥርቼ ነው ያንን ቀይ ቃል የጻፍሁት። መጫወቻይቱን አስቀምጬ አንድ ቁራጭ ወረቀት አነሣሁና አጥሩን ሥዬ በአማርኛ ጠየቅሁት። ሥዕሉን እንኳ በደንብ አላየውም፤ «11» አለኝ። ታዲያ ለምን 10 ብለህ ጻፍህ ብለው፣ «ፖስት የሚለውን ፖስታ መስሎኝ ነው። በየሜትሩ አንድ ፖስታ ከሆነ አሥር ነዋ» አለኝ።

እናቱ ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም። ምክንያቱም ለ8ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና ተጨማሪ ትምህርት የሚሰጣቸው ልጆች ዝርዝር በዚያው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ከእኔ እጅ ወጥቶ ነበር። ደብተሩ ለ22 ልጅ ብቻ ስለሚበቃ 22 ስም ጽፌአለሁ። የዚህ ልጅ ስም የለበትም። በሩ ላይ ስለጥፈው ቆሞ እያነበበ እንደ ነበር ትዝ ይለኛል፤ ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ሄደ።

ሰኞ ዕለት ስሙን ላስገባ ሄድሁ። የሚመለከተው ሰው በትሕትና አነጋገረኝ፤ ዝርዝሩ ተላልፏል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል አለኝ። ከ22ቱ አንዱን ላውጣ ብል ማንን አወጣለሁ? ደግሞስ የእነሱንስ መዝገብ በትክክል የጻፍሁት ለመሆኔ ምን ማስረጃ አለኝ? ይህን እያሰብሁ ስመለስ ልጁ ጠዋት በመጣ መኪና ጁባ መግባቱን ሰማሁ። ከስተም ገበያ አካባቢ ዘመዱ የሞተር ጎማ የሚጠግንበት ጎሚስታ ቤት ሊሠራ ነው። እናቱ መጫወቻይቱን ይዛልኝ መጣች። «እዚያ ዘይትና አቧራ ነው፤ ይሰርቁበታልም። እርስዎ ዘንድ ትቀመጥ ብሏል» አለችኝ። እንግዲህ የነጠቅሁት ዕቃ በአደራ ተመለሰልኝ።

እናቱ የምትቆጨው በእኔ መሰለኝ ነበር። አይደለም። «ወንድሜ ይህን ባይልክለት ትምህርቱን ይከታተል ነበር» ትላለች። አይደለም ልላት ብዙ ደከምሁ። በመጨረሻ የሉዋል ማየንን ታሪክ ነገርኋት፤ ለማታውቁትም ልንገራችሁ። ወላጆቹ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲሸሹ በመንገድ የተወለደ፣ በሰሜን ዩጋንዳ የስደተኞች ካምፕ ያደገ ልጅ ነው። በስደተኞች መመዝገቢያ ቦታ ኮምፒውተር አየና ተመኘ። እናቱ ሦስት ዓመት አጠራቅማ በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዛችለት፤ እሱም እሱን ለማስሞላት በእግሩ የሦስት ሰዓት መንገድ ይሄድ ነበር። ጨዋታ መሥራት በራሱ ተማረ። «ሰላም» የሚል ስም ያለው፣ ተኩሶ መግደል ሳይሆን ከጦርነት ሮጦ ማምለጥ ያለበት ጨዋታ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በታላቁ የጨዋታ ሽልማት መድረክ ላይ ተከበረ። እናትየው በጥሞና ሰማችኝና «300 ዶላሩን ከየት አገኘችው?» አለች። ዓረፍተ ነገሬ ሁሉ እዚያ ላይ ቆመ። እሷ የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ እኔ ደግሞ መልሱን አላውቀውም።

ከዚያ ወዲህ ፈተናዬን ለውጫለሁ። ጥያቄውን ከመጻፌ በፊት መሬት ላይ በጠጠርና በእንጨት አሳያለሁ፤ ዝም እላለሁ፤ ልጆቹ ከሠሩት በኋላ ነው እንግሊዝኛውን የምሰጣቸው። ጊዜ ይፈጃል። ከሥርዓተ ትምህርቱ በሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን እንደምለው ገና አላሰብሁም። ከቀይ እስክሪብቶ ቃላት ውስጥ ደግሞ እስካሁን አሥራ አራቱን ሰርዣለሁ። የቀሩትን ገና አላጣራሁም።

ልጁ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ይመጣል። የ22ቱን ልጆች ማስታወሻ እኔ በእጄ እየገለበጥሁ እሰጠዋለሁ፤ መጽሔቷን የሚገለብጠው ወዳጃችን «ወረቀቱ የት እየገባ ነው?» ብሎ ሲያማርር የነበረው ለዚህ ነው፤ ይቅር ይበለኝ። ልጁ ጥፍሩ ጠቁሯል። መጀመሪያ መጫወቻይቱን ከፍቶ የት እንደ ደረስሁ ያያል። ብዙ ጊዜ ያዝንልኛል።

ባለፈው እሑድ መብራት ሳይኖር ደጅ ላይ የጎረቤት ልጆችም ተሰብስበው ነበር። ልጁ ድንገት «እንቆቅልሽ!» አለ። «ምን አውቅልህ!» አልነው።

«ሲሞላ ይቀላል፣ ሲጎድል ይከብዳል።»

ሆድ ነው አልሁ። ሣቁብኝ። ባትሪ ነው አልሁ። እሱም አይደለም። ቦርሳ፣ ባልዲ፣ የራሽን ጆንያ፤ ያላልሁት የለም። «አገር ስጠኝ» አለኝ።

እንግዲህ እኔ ምን አገር አለኝና ነው? ጎሮምን ሰጠሁህ አልሁት። «ጎሮም የኔ ናት፤ የራሴን እንዴት ይሰጡኛል?» አለ። ጁባን ብለው «እዚያማ ነው የምሠራው» አለ። ልጆቹ ጸጥ ብለው አፌን ያያሉ። በመጨረሻ «ደሴን ሰጠሁህ» አልሁ።

ጥቂት አሰበ። «ደሴ ሞተር አለ?»

«አለ። ባጃጅም አለ።»

«መንገዱስ?»

«ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከዋናው መንገድ ከወጣህ ድንጋይ ነው።»

«እንግዲያው ሥራ አለ» ብሎ ተቀበለኝ። መልሱ የሞተር ጎማ ነው።